የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፤ ስብራትስ?

ዘንድሮ ከትንሣኤ በኋላ አዲስ አበባ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ወጥቼ ነበር። ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የመጣ የ63 ዓመት ወገብ ምን እንደሚመስል ለደረሰበት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ላልደረሰበትም አይገባውም። ከመኪናው ስወርድ እንደ ማጭድ ጎብጬ ነበር። ልጄ አየችኝና ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ነገ ማሳጅ እወስድሃለሁ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ማሳጅ ቤት ሲባል በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው የሚታየው ወፍራም መጋረጃና ቀይ መብራት ነው። «ምን ነካሽ፣ አባትሽን!» ብላትም አልሰማችኝም። በማግስቱ የወሰደችኝ ቤት ግን እንደ ክሊኒክ የጸዳ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ በፕላስቲክ የተለበደ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ልክ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ። ስዊዲሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ታይ፣ ሆት ስቶን፣ አሮማ ቴራፒ፣ ሪፍሌክሶሎጂ። በእያንዳንዱ አንጻር ዋጋው ተጽፏል። የሆት ስቶንን ዋጋ ሳይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አየሁት። ያው ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጤና ረዳት ነኝ። በወሎ ቦረና፣ በወግዲና በከላላ የገጠር ክሊኒኮች 32 ዓመት አገልግያለሁ። አባቴ ደግሞ ወጌሻ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ነገር ለባልደረቦቼ ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የሚያሸኝ ወንድ ይሁን ብዬ ጠየቅሁ። የመጣው ጎልማሳ ቀድሞ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ወጌሻ ነበር። ወጌሻ የሚለው ቃል ዛሬም በክብር የሚጠራው ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠውን ሰው የራዲዮ ዘጋቢዎቻችን «ወጌሻው ገባ» ይሉታል፤ ማንም አይስቅም። ያው ሰው መካነ ሰላም ገበያ ላይ የአንዲት ባልቴት ቁርጭምጭሚት ይዞ ቢታይ ግን ኋላ ቀር ይባላል።

ስዊዲሽ መረጥኩ፤ ርካሹ እሱ ነበር። ረጋ ያለ ነው፤ በዘይት ይዳብሳል፣ እንደ ሊጥ ያሻል፣ በመዳፍ ጠርዝ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ስሙን የሚያያይዙት እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከመሠረተው ከፐር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ነው። የእጅ ስልቶቹን መልክ አስይዞ ዛሬ በሚጠሩበት የፈረንሳይኛ ስም በማስተዋወቅ የሚታወቀው ግን ሜትስገር የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ነው። ስዊድኖቹ ራሳቸው ክላሲክ ማሳጅ ነው የሚሉት። ስሙ የስዊድን፣ ሐኪሙ የሆላንድ፣ ቋንቋው የፈረንሳይ፤ ጀርባው የቦረና።

ተደፍቼ ተኝቼ ሜኑውን በሐሳቤ ስገላልጠው አንድ ነገር ገረመኝ። ከአሮማው በቀር ሁሉንም ቤታችን አውቀዋለሁ፤ አሮማውንም ቢሆን ወይባ ጢስ ለብሳ የምትወጣን የወሎ ሴት ያየ ሰው አዲስ ነገር አይለውም። ዲፕ ቲሹ የሚሉት የአባቴ ክርን ነው። ሆት ስቶን እናቴ ሆዳችንን ሲቆርጠን ምድጃ ዳር አሙቃ በጨርቅ ጠቅልላ የምታስታቅፈን ድንጋይ ነው፤ አንዳንዴም በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ጨው። ታይ ደግሞ «ርገጠኝ» ነው።

«ርገጠኝ» የማያውቅ የገበሬ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አባቴ ሰኔ ላይ ሲያርስ ውሎ ሲገባ፣ አጎዛ ላይ በሆዱ ይተኛና «ና ርገጠኝ» ይለኛል። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ግድግዳውን ተደግፌ ከወገቡ እስከ ትከሻው በባዶ እግሬ እመላለስበታለሁ። «አከርካሪውን ተው፤ ጎንና ጎኑን ሂድ» ይለኛል። ከበድ ስል ሥራው ለታናሽ ወንድሜ ተላለፈ። የታይላንድ ሰዎች ይህንኑ መሳብና መጫን፣ በክንድና በእግር መርገጥ ጭምር፣ ሙያ አድርገው ባንኮክ ባለው የዋት ፖ ቤተ መቅደስ ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ቦጎታ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ የእኛ ጥምቀት በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እነሱም በዚያው ጉባኤ ማሳጃቸውን አስመዘገቡ። እኛ ታቦታችንን፣ እነሱ ደግሞ እሽታቸውን። አልቀናሁም አልልም።

ሪፍሌክሶሎጂ የሚባለው የእግር ማሳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊቷ ዩኒስ ኢንግሃም ናት ያስፋፋችው፤ በውስጥ እግር ላይ ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለልብ የተመደበ ነጥብ አለ ይላሉ። ይህን በማስረጃ ያረጋገጠ የለም፤ እኔም አላምንበትም። ግን እግሩን በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ ጣቱ አንድ በአንድ ተስቦ፣ ተረከዙ ታሽቶ የተኛ እንግዳ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሰምቼ አላውቅም። ለዚህ የጉበት ነጥብ አያስፈልግም፤ የደከመ እግር ይበቃል።

የጥቅሙን ልክ እንነጋገር፤ በዚህ ሙያ ላይ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከማጋነን ነውና። የሜኑው ወረቀት ጀርባ ላይ «ከሰውነት መርዝ ያስወጣል» የሚል ተጽፏል። መርዝ የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ዘይት የተቀባ እጅ አይደለም። «ላክቲክ አሲድ ያጥባል» የሚለውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ወጣቶችን እስኪዝሉ ብስክሌት አስነዱና የአንዱን ጭናቸውን ብቻ ለ10 ደቂቃ አሹላቸው፤ ከዚያ ከሁለቱም ጭን ቅንጣት ሥጋ ወስደው መረመሩ። ላክቲክ አሲዱ እንዳለ ነው። የታሸው ጡንቻ መቆጣት ግን ቀንሷል። በወገብ ሕመም ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 25 ጥናቶችን አገላብጦ፣ እሽት ሕመምን ለአጭር ጊዜ እንደሚያስታግስ፣ ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን ጽፏል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ገና ለጀመረ የወገብ ሕመም ከኪኒን በፊት ይሞከሩ ካላቸው ነገሮች ውስጥ ሙቀትና እሽት አሉበት። ለአጭር ጊዜ ማስታገስ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገ ጠዋት በሬ ጠምዶ የሚወጣ ሰው ዛሬ ማታ እንቅልፍ ማግኘት ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ አበው። ተረቱ ስለ አፍ ነው እንጂ ስለ እግር ጥርጥር የለውም፤ የእግር ወለምታ በቅቤ መታሸቱ ለሁሉም የታወቀ ስለሆነ ነው ምሳሌ የሆነው። እኔና አባቴ ግን እሱም ላይ ተጣልተናል። ጤና ረዳትነት ተምሬ ስመለስ፣ «አባባ፣ እግሩ ወለም ባለ በመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን አይታሽም፤ ያበጠው የበለጠ ያብጣል። በቀዝቃዛ ውኃ ይነከር፣ በጨርቅ ላላ ብሎ ይጠቅለል፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ» አልኩት። «ታዲያ ለዚህ ምን ትምህርት ቤት ያስፈልጋል? እግሩን ወንዝ ይጨምራ!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ወለምታ ሲመጣለት «እስቲ እስከ ሐሙስ ወንዝ እየሄድክ ንከረው፣ ሐሙስ ና» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከእኔ እንደሰማው ለማንም አልተናገረም።

ያልቀለደበት ሌላ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አመጡ። ከበቅሎ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ወጌሻ አጥንቱን አገጣጥሞ በተሰነጠቀ ሸምበቆ አስሮታል። ከታሰረ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ጨርቁን ስፈታ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ጣቶቹ ጠቁረዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ መሞት ይጀምራል፤ እኛ የምናወራው ስለ አምስት ቀን ነው። ወደ ደሴ ላክነው፤ ክንዱ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። «ማን ነው ያሰረው?» ብዬ ስጠይቅ የልጁ አባት መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ያሰረው አባቴ ነበር።

ለባልደረቦቼ ያልተናገርኩት ለዚህ ነው። አጥንቱ እኮ በደንብ ገጥሞ ነበር፤ ይህን የደሴው ሐኪም ራሱ ተናግሯል። አባቴ አጥንት ያውቃል፤ ደም አያውቅም። የተሰበረ ክንድ በማግስቱ እንደሚያብጥ፣ ሲያብጥ ደግሞ ያልላላ ማሰሪያ እንደ ገመድ እንደሚያንቅ ማንም አላስተማረውም። ልጁ «አመመኝ» እያለ ሲያለቅስ ያየው ሁሉ ሕመሙን የስብራት መስሎት ቻለው ብሎታል። አባቴ ሲሰማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ጠራኝና «የማላውቀው ምንድን ነው?» አለኝ። እድሜዬን በሙሉ ከአፉ የሰማሁት ብቸኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ጣቱን ያዝኩና ጥፍሩን ተጫንኩት፤ ነጣ። ለቀቅሁት፤ ቀላ። «ይሄን ነው የማታውቀው» አልኩት። «ካሰርክ በኋላ ጥፍሩን ተጫን። ነጥቶ ቶሎ ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ደነዘዘኝ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ፍታው። አጥንቱ ወጥቶ ከታየ ወይም ከቆሰለ አትንካው፤ ወደ እኔ ላከው።» ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ያሰረው ሰው ሁሉ በማግስቱ ጥፍሩን ሳያሳየው አይሄድም ነበር። ልጁ ደግሞ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ገበያ ላይ ስንገናኝ በግራ እጁ ይጨብጠኛል።

ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንግሊዝ አገር በሚታተም የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ፣ ወጌሾችን ሰብስቦ አጭር ሥልጠና በመስጠት እጅና እግር የሚያስቆርጠውን የማሰሪያ ጉዳት መቀነስ እንደሚቻል ጽፏል። አጭር ሥልጠና ነው! ወጌሻን በመኮነን የዳነ ክንድ አላውቅም። እኛ ብንኮንነውም ባንኮንነውም፣ ሰዉ በእኛው አገር ከደንቆሮ ጫካ ሥር ወይም ከዓባይ በረሃ አፋፍ ወድቆ ሲሰበር መጀመሪያ የሚያገኘው ወጌሻውን ነው። ጥያቄው ወጌሻው ጥፍር መጫን ያውቃል ወይ ነው።

አንድ ሌላ እጅ ደግሞ አለ፤ እሱን ግን ጭራሽ የሚያስተምሩት ሳይሆን የሚያስተዉት ነው። የነፍሰ ጡር ሆድ ማሸት። ጽንሱ ተጋድሟል፣ ይስተካከል እየተባለ በቅቤ ሆድ የሚያሹ የልምድ አዋላጆችን አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ደግና የተከበሩ ሴቶች ነበሩ። የእንግዴ ልጅ ከቦታው ሊላቀቅ፣ ማኅፀን ሊቀደድ፣ ደም ሊፈስ ይችላል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ነፍሰ ጡር ከታሸች ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ እግሯን ነው፤ ያውም በለሆሳስ። እግር ስል ደግሞ አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱን ካመማት ማንም እንዳይነካው፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከታሸ ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ለወንድም ለሴትም ነው።

አዲስ አበባ ያቺ አልጋ ላይ ተደፍቼ ግን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። አባቴን እኔ ረገጥኩት። እንግዳውን እናቴ እግሩን አጠበችው፣ አሸችው። የመንደሩን ወለምታ አባቴ አሸው። እናቴን ማን አሻት?

እናቴ በእንስራ ውኃ ቀድታለች፤ ዛሬ ሴቶቻችን በጀርባቸው በሚያዝሉት ቢጫ ጀሪካን 25 ሊትር ይገባል፤ ዳገቱ ግን ያው የጥንቱ ነው። እንጨት ተሸክማለች፣ ፈጭታለች፣ አጎንብሳ አርማለች። ማታ «ርገጠኝ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። የታሸችው በአራስነቷ ብቻ ነው። ያኔ ጎረቤት ይገባል፤ ቡናው ይፈላል፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ቅቤዋን ይዛ ትመጣለች፤ ወገቧን አሽተው በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስሩላታል። እናቴ ስምንት ወልዳለች። በዕድሜዋ ስምንት ጊዜ ታሸች ማለት ነው።

ሕፃኑስ? ሕፃኑማ ሲታሽ ነው የሚያድረው። አያቶቻችን ሕፃን አጥበው በለጋ ቅቤ ክንዱን እያጠላለፉ፣ እግሩን እያጠፉ ሲያሹት፣ ከዚያ ሲያስተኙት ያየ ሰው ሳይንስ ምን እንደሚል አይጠይቅም፤ ሳይንስ ግን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን አሹ፤ ካልታሹት በ47 በመቶ የበለጠ ክብደት በየቀኑ ጨመሩ፣ ከሆስፒታልም በስድስት ቀን ቀድመው ወጡ። የአያቶቻችን ጥፋት ከእሽቱ አይደለም፤ ከተጨማሪው ነው። እትብት ላይ ቅቤ መቀባት፣ ቅቤ ማስዋጥ፣ ከእግሩ አንጠልጥሎ መወዝወዝ፣ አፍንጫ ሰልካካ ይሆናል ብሎ መሳብ፤ እነዚህ ይቅሩ። የቀረው ይቀጥል።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመድበው ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ፤ እነዚህ ሴቶች የየቀበሌውን ወጌሻ በስሙ ያውቁታል። ጤና ጣቢያው በዓመት አንድ ቀን ወጌሾቹን ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ጥፍር መጫን፣ ማሰሪያ ማላላት፣ ወደ ሆስፒታል የሚላከውን መለየት ቢያሳያቸው ወጪው የቡናው ነው። በየሆስፒታሉ ደግሞ ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ የደነዘዘ፣ ጀሶ ተፈትቶለት ክንዱ አልዘረጋ ያለ ሰው በኪኒን ብቻ መሸኘት የለበትም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶች ያስመርቃል፤ ከእነዚያ አንዱ እንደ እኛ ባለ ወረዳ ቢመደብ የሚያስፈልገው አንድ አልጋና ሁለት እጁ ነው። ማሳጅ ቤቶቹንም መጋረጃ እየገለጡ ከመዝጋትና ከመክፈት፣ የሚያሸው ሰው ምን ተምሯል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያ የኳስ ወጌሻ የተማረበት ወረቀት አልነበረውም፤ እጁ ግን ነበረው። ቀድሞ «የደም ግፊት አለብዎ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ብቻ ገንዘቡ ሐላል ነው አልኩ።

ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ ባለቤቴ ከገበያ ገባች። ዘንቢሏን አስቀምጣ ነጠላዋን ስታጥፍ ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ያዝ አደረገች። እንዲያ ስትይዘው ስንት ዓመት አይቻለሁ? የኑግ ዘይት በሲኒ አድርጌ ምድጃው ዳር አሞቅሁ፤ ቅቤማ ዛሬ ለወጡም አልተረፈ። መደቡ ላይ ጋደም በይ አልኳት።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«አንቺን ነው የማሸው።»

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሄዳ በሩን ዘጋች፤ ተመልሳ ተጋደመች። አውራ ጣቴን አባቴ ያሳርፍበት የነበረው ቦታ ላይ አሳረፍኩ።

«እዚያ አይደለም» አለችኝ፤ «ዝቅ በል።»